የአንባቢያን ጥያቄ፦ ከቅኔ ቤት ወደ ታልሙድ ገበታ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምጽፍልዎ ከብቸና ነው። ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ተምሬያለሁ፤ ዲቁናም አለኝ። በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በቋንቋ ተመረቅሁ። አሁን ኢየሩሳሌም ሄጄ ዕብራይስጥና የአይሁድን መጻሕፍት ለአንድ ዓመት እንድማር ዕድል አግኝቻለሁ። እርስዎ እዚያ ተምረው መመለስዎን ሰምቻለሁ። ትምህርቱ እንዴት ነው? የቅኔ ቤት ትምህርቴስ ይጠቅመኛል ወይስ እንደ አዲስ ልጀምር ነው? አንድ ነገር ልጨምር፤ የገበሬ ልጅ ነኝ። ከአሜሪካና ከአውሮፓ ከመጡ ተማሪዎች ጋር ባዶ እጄን የምቀመጥ እየመሰለኝ ፈርቻለሁ።
(ዲያቆን፣ ከብቸና)

መልስ፦ ወንድሜ ዲያቆን፣ እንኳን ደስ አለህ! ከመጨረሻው ልጀምር። የሚያስጨንቅህ እሱ እንደሆነ ደብዳቤህ ያስታውቃል። ባዶ እጅህን አትሄድም። በሬ ጠምደሃል። አውድማ ጠብቀህ አድረሃል። ድንበር የገፋ ጎረቤት በሽማግሌ ፊት ሲዳኝ አይተሃል። ታልሙድ በሚባለው የአይሁድ መጽሐፍ ውስጥ ብዙ ገጽ የሚከራከረው በዚህ ላይ ነው። እኔም የደብረ ኤልያስ ገበሬ ልጅ ነኝ። እዚያ በቆየሁበት ጊዜ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ከአባቴ ማሳ ይዤው የሄድኩት እውቀት ነው።

መጽሐፉን ባጭሩ ላስተዋውቅህ። መጀመሪያ ሚሽና አለ። በ200 እ.ኤ.አ. ገደማ ረቢ ይሁዳ ሃናሲ ያሰናዱት የቃል ሕግ ስብስብ ነው። በስድስት ክፍል 63 መጻሕፍት አሉት፤ የመጀመሪያው ክፍል ከሞላ ጎደል ስለ እርሻ ነው። ቀጥለው የመጡት ሊቃውንት በሚሽናው ላይ ያደረጉት ክርክር ገማራ ይባላል። ሁለቱ ሲጣመሩ ታልሙድ ናቸው። ገጹን ስትከፍት መሀል ላይ ሚሽናና ገማራ ተቀምጠዋል። በአንድ በኩል ራሺ አለ፤ ከ1040 እስከ 1105 የኖረ የፈረንሳይ አገር ሊቅ ነው፤ ቃል በቃል እየፈታ ያስረዳሃል። በሌላው በኩል ቶሳፎት አሉ። ብዙዎቹ የራሺ የልጅ ልጆችና የእነሱ ደቀ መዛሙርት ናቸው፤ ደግሞም አያታቸውን ይሞግታሉ። አንድምታ ለሰማ ሰው ይህ አያስደነግጥም። የእኛ አንድምታ ግን ብዙ ጊዜ ማን እንዳለው ሳይጠራ ትርጓሜውን ይደረድራል። እዚያ ግን ብዙው ቃል ባለቤት አለው። እገሌ አለ፣ እገሌ ተቃወመው፣ የእገሌ ደቀ መዝሙር ደግሞ ለመምህሩ መለሰለት።

መጀመሪያ ቀን የሚያስደነግጥህ ጩኸቱ ነው። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን የሚቆጥረው ለብቻው ነው፤ ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ ሰው እንዳያናግረው ተከናንቦ። ከዚያ የኔታ ፊት ይቀርባል፤ የኔታም ያቃኑለታል። ቤት ሚድራሽ በሚባለው የጥናት አዳራሽ ግን ሰው ሁሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ተቀምጦ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብባል። ጥንዱ ሐቭሩታ ይባላል። አንዱ ሲያነብ ሌላው ያቋርጠዋል። «ይሄ ከየት መጣ?» «ራሺ እንዲህ ካለ የላይኛው መስመር ለምን ተጻፈ?» መምህሩ የሚያስተምረው ጥንዶቹ በራሳቸው ከለፉበት በኋላ ነው።

እኛም «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» እንላለን። ሲነገር ግን ዝም ብሎ መስማት ጨዋነት ነው ተብለን ነው ያደግነው። እዚያ ጥንድህ ሲስት እያየህ ዝም ካልከው በድለኸዋል። ይህንን አንጀቴ ውስጥ ያስገባልኝ ከታልሙድ መጻሕፍት አንዱ በሆነው በባባ ሜጺዓ 84ኛ ቅጠል ላይ ያለው ታሪክ ነው። ሬሽ ላኪሽ ወንበዴ ነበር። ረቢ ዮሐናን ወደ ትምህርት መለሰው፤ እህቱንም ዳረለት። ሁለቱ የማይነጣጠሉ ጥንዶች ሆኑ። አንድ ቀን በክርክር መሀል ረቢ ዮሐናን የወንበዴነት ዘመኑን አንሥቶ ተናገረው። ሬሽ ላኪሽ ልቡ ተሰበረ፤ ታመመ፤ ሞተ። ረቢ ዮሐናን ኀዘኑ ሲጸናበት ሊቃውንቱ የሚያጽናናው ሌላ ጥንድ ላኩለት፤ ረቢ ኤልዓዛር ቤን ፔዳትን። አዲሱ ሰው ረቢ ዮሐናን በተናገረ ቁጥር «የሚደግፍህ ማስረጃ አለ» ይለዋል። ረቢ ዮሐናን ይህ አላጽናናውም። ላኪሽ አንድ ነገር ስናገር 24 ተቃውሞ ያነሣብኝ ነበር፣ እኔም 24 መልስ እሰጥ ነበር፣ ነገሩም የሚሰፋው እንዲያ ነበር አለ። ልብሱን ቀዶ፣ የባልንጀራውን ስም እየጠራ አልቅሶ፣ አእምሮውን ስቶ ሞተ። ያንን ቅጠል ካነበብኩ በኋላ ጥንዴን ማቋረጥ አላሳፈረኝም።

አሁን ወደ አውድማው ልምጣ። ብዙ ልጆች ታልሙድ የሚጀምሩት በዚያው መጽሐፍ ሁለተኛ ምዕራፍ ነው፤ ስለ ወደቀ ዕቃ ነው። ያገኘ ሰው የቱን ለራሱ ይወስዳል? የቱንስ ባለቤቱ እንዲመጣ ያውጃል? ሚሽናው «የተበተነ እህል ላገኘው ነው» ይላል። ገማራው «ምን ያህል ቢበተን?» ብሎ ይነሣል። ረቢ ይስሐቅ ይመልሳል፤ በአራት ክንድ ቦታ አንድ ቃብ። ቃብ የእህል መስፈሪያ ነው። መልሱ ግን ሊቃውንቱን አላረካም። በመጨረሻ አንዱ «ነገሩ ስለ አውድማ ነው፤ ምርት በሚሰበሰብበት ወቅት» ይላል።

ጥንዴ በአሜሪካ ትልቅ ከተማ ያደገ ጎበዝ ልጅ ነበር። የታልሙዱን ቋንቋ፣ አራማይኩን፣ ከእኔ እጅግ አብልጦ ያውቀዋል። እዚህ ላይ ሲደርስ ቆመ። ለምን አውድማ? ባለቤቱ ገንዘቡን ለምን ይተወዋል? እኔ ነገርኩት። እህሉ ተወቅቶ፣ በመንሽ ተዘርቶ፣ ተሰፍሮ ከተጫነ በኋላ አውድማው ዳር የሚቀር አለ። ያንን ለመሰብሰብ መጥረግ አለ፤ ከአፈሩ መለየት አለ፤ እንደገና ማበጠር አለ። ክምሩን ቤቱ ያስገባ ሰው ለዚያ ጉልበቱን አያፈስም። ድሃ ይለቅመዋል፤ ወፍ ይለቅመዋል። እህሉ በአንድ ቦታ ወፈር ብሎ ከወደቀ ግን ባለቤቱ ተመልሶ ይመጣል። ልጁ እስክሪብቶውን አስቀምጦ በደንብ አደመጠኝ። ከዚያ በኋላ እርሻ በመጣ ቁጥር ወደ እኔ ዞር ይል ነበር።

ቀጥሎ ረቢ ይርምያስ ይነሣል። ግማሽ ቃብ በሁለት ክንድ ቢሆንስ? ሁለት ቃብ በስምንት ክንድስ? ሰሊጥ ቢሆንስ? ሰሊጥ ዋጋው ውድ ነው፤ ስለዚህ ባለቤቱ ላይተወው ይችላል። ደቃቅ ነው፤ ስለዚህ ለመልቀም ያደክማል። እኔ ይህን ሳነብ በዓይኔ ላይ የመጣው ጤፍ ነው። ረቢ ይርምያስ ጤፍ ቢያውቅ ኖሮ ከሰሊጥ በፊት ጤፍን ይጠይቅ ነበር ብዬ አምናለሁ። ገማራው ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ አይሰጥም። ሁሉንም እንዳሉ ያቆማቸዋል። በመጽሐፉ ውስጥ እንዲህ ቆመው የቀሩ ጥያቄዎች ብዙ ናቸው፤ ማንም አያፍርባቸውም።

ሌላም ልንገርህ። በሰንበት የተከለከሉ 39 ሥራዎች በሚሽና ተዘርዝረዋል። ዝርዝሩ የሚጀምረው በመዝራት ነው፤ ቀጥሎ ማረስ ይመጣል። ከዚያ ማጨድ፣ ነዶ ማሰር፣ መውቃት እያለ እስከ ማቡካትና መጋገር ይወርዳል። ገማራው «ሰው አርሶ አይደል የሚዘራው? ለምን መዝራት ቀደመ?» ይላል። መልሱ፦ ይህን ያስተማረው ሊቅ የእስራኤል ምድር ሰው ነው፤ እዚያ ከተዘራ በኋላ መሬቱ እንደገና ይታረሳል። ክፍል ውስጥ ይህ መልስ እንደ እንግዳ ነገር ነበር የታየው። አንተና እኔ ግን ስንዴና ገብስ ከተበተነ በኋላ ዘሩ አፈር እንዲለብስ በሬው እንደሚመለስ እናውቃለን። ስለ ወጊ በሬም እንዲሁ ነው። ያልለመደበት በሬ ቢወጋ ባለቤቱ የጉዳቱን ግማሽ ይከፍላል። ደጋግሞ የወጋና ለባለቤቱ የተመሰከረበት ከሆነ ግን ሙሉውን ይከፍላል። ይህን ስታነብ የሰፈርህ ሽማግሌዎች ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ይታዩሃል።

ስለዚህ የምመክርህ፦ የምታውቀውን በግልጽ ተናገር። ሌሎቹ የሚያመጡት የሰዋስው መጽሐፍ ነው፤ አንተ የምታመጣው ደግሞ መጽሐፉ የሚያወራለትን ኑሮ ነው። የመጠየቅ ልክ ግን አለው። ያው ረቢ ይርምያስ ሌላ ቀን ስለ እርግብ ጫጩት ጠየቀ። ከርግብ ቤቱ በ50 ክንድ ውስጥ የተገኘች ጫጩት የርግብ ቤቱ ባለቤት ናት፤ ከዚያ ውጭ ከሆነች ያገኛት ይወስዳታል። እሱ «አንድ እግሯ ውስጥ፣ አንድ እግሯ ውጭ ቢሆንስ?» አለ። በዚህ ምክንያት ከጥናት ቤቱ እንዳስወጡት ታልሙዱ ራሱ ይናገራል። በኋላ ግን መልሰውታል።

የቅኔ ቤት ትምህርትህ በእርግጥ ይጠቅምሃል። ርባ ቅምር ላጠና ሰው የዕብራይስጥ ግሥ አያስቸግረውም። ሆኖም ታልሙድ በብዛት አራማይክ ነው፤ አናባቢና ነጥብም የለውም። ዑልፓን በሚባለው የቋንቋ ትምህርት መጀመሪያ ዕብራይስጥህን አጠንክር። ከዚያ የረቢ አዲን ሽታይንዛልትዝን እትም ያዝ። እሳቸው በ1965 እ.ኤ.አ. ጀምረው በ2010 ነው ሙሉውን ታልሙድ ወደ ዘመናዊ ዕብራይስጥ ተርጉመው የጨረሱት። መጀመሪያ ከጥንድህ ጋር ያለ እሱ ታገሉ፤ ከዚያ እዩት።

አንድ ነገር ሳልነግርህ ብቀር ይቆጨኛል። ኢየሩሳሌም ውስጥ ቤተ እስራኤልን ታገኛለህ። «ፈላሻ» ብለህ እንዳትጠራቸው፤ ይህ ስም ያቆስላቸዋል። ሽማግሌዎቹ ኦሪትን በግዕዝ ጠብቀው የኖሩ ናቸው። ታልሙድ ወደ አገራችን አልደረሰም ነበር፤ ዛሬ ልጆቻቸው እዚያ እየተማሩት ነው። ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን ስግድን ያከብራሉ። በ2008 እ.ኤ.አ. የእስራኤል ፓርላማ ብሔራዊ በዓል አድርጎ ደንግጎታል። ቄሶቹ ጥላቸውን ዘርግተው በግዕዝ ሲያነብቡ ቁም። እዚያ ከተሰበሰበው ወጣት ብዙው የማይሰማውን ንባብ አንተ ትሰማዋለህ። አንዲት አሮጊት «ከየት ነህ ልጄ?» ብለው ጠይቀውኝ «ከጎጃም» ስላቸው እጄን ይዘው ብዙ አቆዩኝ። አገር ቤት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ስለነበሩ «ቡዳ» እየተባሉ መኖራቸውን ነገሩኝ። ርስት መከልከላቸውንም ጨመሩልኝ። በሱዳን በረሃ የቀሩባቸውን ዘመዶች በስም በስም ጠሩልኝ። እኔ በሰፈሬ ይህ ስድብ ሲነገር እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ሂድና ስማ። መልስ ለመስጠት አትቸኩል።

ጥያቄ፦ እንደምን ከረሙ መምህር። ይህን የምታጽፍልዎ እናት ነኝ፣ ከሞጣ። እኔ ስናገር ልጄ ናት የምትጽፈው። ወንዱ ልጄ እስራኤል አገር ሄዶ የአይሁድ መጽሐፍ ሊማር ነው። ሃይማኖቱን ያስለቅቁት ይሆን? ጾሙንስ እንዴት ይጾማል? ምን ስንቅ ልቋጥርለት?
(እናት፣ ከሞጣ)

መልስ፦ እናቴ፣ እንደምን ከረሙ። ስጋትዎ ይገባኛል፤ እናቴም ያንኑ ብላኝ ነበር።

አይሁድ ሰውን ወደ ሃይማኖታቸው ሲጎትቱ አያዩም። ራሱ ፈልጎ «ልግባ» ያለውን እንኳ ረቢዎቹ በልማዳቸው መጀመሪያ ይመልሱታል። መጽሐፋቸውን ለመማር ሃይማኖት መለወጥ አያስፈልግም። እኔ ማለዳ ማለዳ ዳዊቴን እደግም ነበር። አብሮኝ የሚማረው ልጅም በጠዋት ጸሎቱ የመጨረሻዎቹን የዳዊት መዝሙራት በዕብራይስጥ ይደግማል። አንዳችን የሌላውን ጸሎት አልነካንም። ቤተ ክርስቲያንም ቅርብ ነው። ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት በኢትዮጵያ ጎዳና ላይ ናት፤ ጎዳናው ራሱ በአገራችን ስም ይጠራል። ዴር ሡልጣንም ከጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ አለ። ከመነኮሳቱ ጋር ይተዋወቅ፤ እሑድ እንዳይጠፋባቸው ይንገሩት።

ሰንበታቸው ለልጅዎ እንግዳ አይሆንበትም። ሞጣ ላይ ቅዳሜ በሬ አይጠመድም አይደል? እዚያም ዓርብ ፀሐይ ሳትገባ ሳይረን ይነፋል፤ አውቶቡስ ይቆማል፤ ሱቅ ይዘጋል። ሰው ለምሳ ከጠራው ይሂድ፤ ደስ ይለዋል። ስልኩን ግን እነሱ ቤት አያውጣ።

ጾሙ ቀላል ነው። ሽምብራ፣ ባቄላና አትክልት በየመንገዱ ይሸጣል። ሥጋውን በተመለከተ፣ የእነሱን እርድ ይብላ አይብላ ከንስሐ አባቱ ጋር ይምከር። እኔ አልበላሁም፤ አልተራብኩምም። ደግሞ አደራ፣ ቅቤ ከቋጠሩለት የራሱን ድስት ይግዛ። አይሁድ ሥጋና ወተት አይቀላቅሉም፤ ዕቃው ሳይቀር ለየብቻ ነው። ዶሮንም እንደ ሥጋ ይቆጥሩታል። የእኛ ዶሮ ወጥ በቅቤ ለእነሱ አይሆንም ማለት ነው። በጥንት ዘመን አንድ የገሊላ ሊቅ በነበሩበት አገር ዶሮ በወተት ይበላ እንደነበር ታልሙዱ ይናገራል፤ ዛሬ ግን አይደረግም። የጋራ ድስታቸው ውስጥ ቅቤ ከገባ ከባድ ቅሬታ ያመጣል።

ስንቁ በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬና ዳቦ ቆሎ ይሁን። ጤፍና በርበሬ የሚሸጡ የኢትዮጵያውያን ሱቆች እዚያም አሉ፤ ስለዚህ ብዙ አያሸክሙት። ጋቢ ግን እንዳይረሱ። የኢየሩሳሌም ዝናብና ብርድ የሚመጣው በእኛ በጋ ነው፤ አንዳንድ ዓመት በረዶም ይጥላል።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ውጭ የመሄድ ዕድል የለኝም። እዚሁ ሆኜ መጀመር እችላለሁ?
(ተማሪ፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ትችላለህ። ሴፋሪያ የሚባል ነፃ የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት አለ፤ በስልክህም ይሠራል። ሚሽናውም ታልሙዱም ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር ተቀምጠዋል፤ አትከፍልም። በዓለም ዙሪያ በቀን አንድ ቅጠል የሚያነብቡ ሰዎች አሉ። ይህ ልማድ የተጀመረው በ1923 እ.ኤ.አ. ነው። 2,711ዱን ቅጠል ለመጨረስ ሰባት ዓመት ተኩል ገደማ ይፈጃል። አንተ ግን በዚያ አትጀምር፤ ለጀማሪ ፈጣን ነው። ባባ ሜጺዓ ምዕራፍ ሁለትን ክፈትና ሚሽናውን ብቻ አንብብ፤ በሳምንት አንድ አንቀጽ ይበቃሃል። ከዚያ ባባ ቃማ ውስጥ ስለ በሬ የሚለውን ቀጥል።

ብቻህን ግን አታንብበው። አንድ ሰው ፈልግ፤ ከአንተ ጋር የማይስማማ ቢሆን ይሻላል። ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ሰዓት ተቀመጡ፤ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። የማይገባችሁን የእርሻ ነገር ገጠር ያሉ አባቶቻችሁን ጠይቁ። በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር ጥንድ የሚፈልግ አንባቢ ካለ ስሙንና ከተማውን ለዝግጅት ክፍሉ ይላክ፤ እኔ አገናኛችኋለሁ።